የባለቤት በርጩማ

«ውስጡ ያለው ነገር በሙሉ ይጠፋል። ችግር የለውም?» አለ የኮፒ ቤቱ ሰውዬ።

«ችግር የለም» አለ ሽማግሌው።

«አንድ ፎልደር አለበት እኮ። ልክፈተውና እንየው?»

«ችግር የለም ጋሼ፣ ያጥፉት።»

የኮፒ ቤቱ ሰውዬ ጣቶቹ ከዓመት እስከ ዓመት በፕሪንተር ቀለም ስለሚጠቁሩ የሰፈሩ ልጆች «ቶነር» ይሉታል። ቅዳሜ ስለሆነ ከኋላ ተማሪዎች ወረቀት ይዘው ተሰልፈዋል። ቶነር መዳፊቱን እንደያዘ ለአፍታ ቆም ብሎ ልጁን በመነጽሩ አናት አየው። «አቦ አንተ ደግሞ! ችግር የለም፣ ችግር የለም! ሰው አንዳንዴ እንኳ ችግር ሊኖርበት ይገባል» አለና ተጫነው። ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ መስመር ከግራ ወደ ቀኝ መሳብ ጀመረ። ሽማግሌው ከቤት መሳቢያ አውጥቶ ያመጣው ሰማያዊ ፍላሽ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የዊንዶውስ መጫኛ ሆነ።

ሽማግሌው ዕድሜው ገና አሥራ አራት ነው። ስሙን ያወጣለት ታላቅ ወንድሙ ነበር። እኩዮቹ ኳስ ሲያባርሩ እሱ አጥር ጥግ እጁን አጣምሮ ተቀምጦ ሲዳኝ አየውና፣ «ይሄ ልጅ የጎደለው ከዘራ ብቻ ነው!» አለ። ስሙ በዚያው ጸደቀ፤ ሰፈሩም ትምህርት ቤቱም ተቀበለው። አሁን በዋናው ስሙ የምትጠራው እናቱ ብቻ ናት፣ እሷም ስትቆጣ።

ወንድሙ ከሞተ ወዲህ ግን እናቱም አልተቆጣችውም።

በድንገተኛ ሕመም ነበር የሞተው። ጠዋት «ሆዴን ቆረጠኝ» ብሎ የወጣ ልጅ ወደ ቤት አልተመለሰም። ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ቤቱ በሰው ተሞላ። የመጣው ሁሉ ሽማግሌውን ትከሻውን እየያዘ «አይዞህ፣ ደህና ነህ?» ይለዋል፤ እሱ ደግሞ «ችግር የለም» እያለ ወንበር ያመቻቻል፣ ውሃ ያቀርባል፣ ጫማ ያስተካክላል። አንዲት ጎረቤት ለጓደኛዋ ጠጋ ብላ «ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም» ስትል ጆሮው ገባ። አልተቀየማትም። እሱም ራሱ ግራ ገብቶት መታጠቢያ ቤት ገብቶ በሩን ዘግቶ መስታወቱ ፊት ቆሞ ሞክሮ ነበር። ፊቱን አጨማደደ፤ ምንም አልመጣም። ሰው እግሩን አጥፎ ብዙ ሲቀመጥበት እንደሚደነዝዘው ነበር፤ እግሩ የራሱ መሆኑን ያውቃል፣ ቢቆነጥጠው ግን አያመውም። የሽማግሌው ደንዝዞ የቀረው እግሩ ሳይሆን ውስጡ ነበር።

ቤተሰቡ ግን ይህን «ጥንካሬ» ብለው ጠሩት። ስለዚህ የወንድሙን ላፕቶፕ የማጽዳቱ ሥራ የማን እንደሚሆን ለመነጋገር እንኳ አላስፈለገም።

ነገሩን የጀመረችው እናቱ ናት። የአክስቱ ልጅ ኮሌጅ ልትገባ ነው፤ ላፕቶፕ የላትም። እናቱ ስልክ አንሥታ «የእኛ ቤት ቁጭ ብሎ አቧራ ከሚጠጣ አንቺ ተማሪበት» አለቻት። ስልኩን ስትዘጋ ሽማግሌውን ወደ ጓዳ ጠራችውና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እኔ እንኳ እችለዋለሁ፤ አባትህ ግን በዚያ ክፍል ባለፈ ቁጥር ዓይኑ እዚያ ላይ ይቀራል። ለአባትህ ስትል ቶሎ ጨርሰውና ይሂድ» አለችው።

በማግስቱ አባቱ አናጺ ነውና ግቢ ውስጥ ሳንቃ እየላገ ጠራው። መላጊያውን ሳያቆም፣ ቀና ሳይል፣ «ያን ላፕቶፕ ከምን አደረስከው? እኔ ምንም አይደለሁም። እናትህ ግን በሌሊት እየተነሣች ክዳኑን ስትወለውል አይቻታለሁ። ለእናትህ ስትል ቶሎ በለው» አለው።

«ችግር የለም» አለ ሽማግሌው ለሁለቱም።

ለእሱ ብሎ ያሰበ አልነበረም። እሱማ ደህና ነዋ!

ፍላሹን በጡጫው ጨብጦ ወደ ቤት ሲመለስ እናቱ የፊት ለፊቱ ክፍል ውስጥ የልብስ ስፌት መኪናዋ ላይ ተደፍታ ነበር። እግሯን ከመርገጫው ሳታነሣ «ተገኘ?» አለችው።

«ተገኘ።»

«ልጅቷ ከሰዓት ትመጣለች። ያን የክዳኑን ወረቀትም ላጥ ላጥ አድርግለት፤ ንጹሕ ሆኖ ይሂድ።»

ወረቀት ያለችው ስቲከሩን ነው። ወንድሙ ክዳኑ ላይ መነጽር ያደረገች ድመት ለጥፎ ነበር። ሽማግሌው ጠዋት በጥፍሩ መላጥ ጀምሮ ግማሽ ላይ ትቶታል፤ አሁን ድመቷ ባለ አንድ ጆሮ ናት።

የወንድሙ ክፍል ጠባብ ነው። አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ አንድ ወንበር፣ ከጠረጴዛው አጠገብ ደግሞ አንድ በርጩማ። በርጩማው ላይ እናቱ ያልሰፋቻቸውን ጨርቆች ከምራበታለች። እዚያ ዕቃ መከመር የጀመረው ቦታው ባዶ ሆኖ ከሚታይ ብላ ይሁን ወይም ሌላ ቦታ ጠፍቶ ሽማግሌው አላሰበበትም። ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፣ ፍላሹን በግድግዳው በኩል ባለው የላፕቶፑ ቀዳዳ ሰካ፣ የማብሪያውን ቁልፍ ተጫነና ወንድሙ እንዳስተማረው ወዲያው ከላይ ካሉት ቁልፎች አንዱን ደጋግሞ መታ። ላፕቶፑ የቆየውን ገጽ ሳያሳይ በቀጥታ ወደ መጫኛው ገባ። ለእሱም ተመቸው፤ የቆየው ገጽ ላይ የወንድሙ ፎቶ አለ።

ሥራውን ያውቀዋል። ቋንቋ ይመረጣል፣ ሰዓት ይመረጣል፣ ውል ይነበባል ተብሎ ሳይነበብ ይታለፋል። ከዚያ የሃርድ ዲስኩ ክፍልፋዮች ተደርድረው ይመጣሉ። ትልቁን መረጠ። ከሥር «አጥፋ» የሚለውን ተጫነ። መካከል ላይ ቢጫ ምልክት ያለበት ትንሽ ሳጥን ብቅ አለ፦ በዚህ ክፍል ያለው ሁሉ ይጠፋል፤ እሺ ወይስ ይቅር?

እጁ መዳፊቱ ላይ እንዳለ የግቢው በር ተንኳኳና ተከፈተ። እህቱ ነበረች። መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፤ ወንድሙ «ክኒን» ብሎ ስም አውጥቶላት በዚያው ቀርታለች። የሌሊት ተረኛ ስለነበረች ዓይኗ ቀልቷል። ጫማዋን በእጇ ይዛ የክፍሉ በር ላይ ተደገፈች። ወደ ውስጥ ግን አልገባችም።

«ጀመርከው?»

«አንድ ቁልፍ ነው የቀረኝ።»

«በቃ፣ እንገላገለው።» ወደ ኋላዋ ዞር ብላ አየች፤ የስፌት መኪናው እያንኳኳ ነው። ድምጿን ቀነሰች። «አንድ ነገር ልንገርህ፣ ለማዘር ግን ትንፍሽ እንዳትል። ሁሉንም ገልብጬዋለሁ።»

«ምኑን?»

«የእሱን ነዋ! ፎቶዎቹን፣ ቪዲዮዎቹን... ያ እንኳ የእኔን ድምፅ እያስመሰለ ‹ይህን ክኒን ከምግብ በኋላ› እያለ የቀረጸው አለ አይደል? እሱንም። ሰው ሁሉ ሳሎን ተቀምጦ ሲያለቅስ እኔ እዚህ ገብቼ ስገለብጥ ነበር። የይለፍ ቃሉን ለእኔ ነግሮኝ ነበር። አሁን ላየው አልችልም። አንድ ቀን ግን አየዋለሁ። ቅጂው ባይኖር ኖሮ አንተን ይህን አስነካህ ነበር? እጅህን ነበር የምሰብረው።»

«የትኛው ፍላሽ ላይ ነው?»

«ሰማያዊው። ቁም ሣጥኑ መሳቢያ ውስጥ፣ ከቁልፎቹ ጋር።»

ሽማግሌው ወደ ስክሪኑ ዞረ። «ፊቴን ልታጠብ» ብላ ሄደች።

በግድግዳው በኩል፣ ከላፕቶፑ ጎን፣ ሰማያዊው ፍላሽ ትንሽ መብራቱን ብልጭ ድርግም ያደርጋል።

መጀመሪያ ምንም አልተሰማውም። እንደ ሒሳብ ጥያቄ አሰበው። ፍላሹ ላይ የነበረው ጠዋት ጠፍቷል፤ በላዩ ሌላ ነገር ተጭኖበታል። ስለዚህ የቀረው ላፕቶፑ ውስጥ ያለው ብቻ ነው። ላፕቶፑ ውስጥ ያለው ደግሞ ለመጥፋት አንድ ቁልፍ ብቻ ቀርቶታል። እናቱና አባቱ ፎቶ አላስቀሩም፤ ስልካቸው ላይ ያሉት ሁለት ሦስቱ ብቻ ናቸው፣ እነሱም ብዥ ያሉ። አክስቱ የላትም። እሱ ራሱ የለውም።

ከዚያ ፈራ። ጣቱን ከመዳፊቱ ላይ አነሣው። ከዚያ ሁሉ ጊዜ በኋላ በትክክል የተሰማው የመጀመሪያው ነገር ይህ ፍርሃት ነበር፤ መምጣቱ ራሱ አስደነገጠው።

ፍርሃት ደግሞ ብቻውን አይመጣም፤ ተንኮል አስከትሎ ይመጣል። «እሺ» የሚለውን ቢጫነውስ? ክኒን ፍላሹን የምትከፍተው «አንድ ቀን» ነው። መጫኛውን ጠርጎ መሳቢያው ውስጥ ቢመልሰው፣ ያ አንድ ቀን ሲመጣ ፍላሹ ባዶ ይሆናል። ፍላሽ ደግሞ ይበላሻል፤ ሁሉም ሰው ያውቃል። «ምን ይደረግ፣ ዕቃ ነው» ይባላል። ጥፋተኛ የለም። ያ ጸጥተኛ ልጅ ያደርገዋል ብሎ ማን ይጠረጥራል? ዛሬ ደግሞ ሁሉም እንዳሰበው ያልቃል፤ እናቱ ለአባቱ ብላ ትገላገላለች፣ አባቱ ለእናቱ ብሎ ይገላገላል፣ እሱም «ችግር የለም» ብሎ ወደ ቤት ሥራው ይመለሳል። ዓይን ያወጣ ውሸት እንኳ አይደለም፤ አፍን መዝጋት ብቻ ነው፤ አፍ መዝጋት ደግሞ ይችልበታል።

ስልኩ ጮኸ። የአክስቱ ልጅ ነበረች።

«ሽማግሌው! እየመጣሁ ነው፤ ታክሲ ውስጥ ነኝ። አለቀ?»

«ሊያልቅ ነው።»

«ይመችህ! ስማ ግን... አንድ ነገር ልለምንህ? ያቺን ድመት እንዳትልጣት። እሱ ነው አይደል የለጠፋት? ተልጣ ብትጣል ታሳዝናለች እኮ፣ እኔ ጋ እንኳ ትቅር። ችግር አለው?»

«ችግር የለም» አለ።

ስልኩን ዘጋውና ባለ አንድ ጆሮዋን ድመት አሰበ። ከዚያ የራሱ ድምፅ ተመልሶ ጆሮው ላይ መጣ። ጠዋት ቶነር ሲጠይቀው ያወጣው ያው ድምፅ ነበር። ሰውዬው «ልክፈተውና እንየው» ብሎት ነበር። ጥያቄው ቀላል ነበር፤ መልሱም ከአንድ ደቂቃ በላይ አይፈጅም ነበር።

ወንድሙ ቢሆን ሳያይ አያጠፋም ነበር።

ወንድሙ ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈሩን ሰው ላፕቶፕ በዚህ ጠረጴዛ ላይ ያጸዳ ነበር። አንድ የማይጥሰው ሕግ ነበረው፦ ባለቤቱ አጠገቡ ሳይቀመጥ አያጠፋም። «አንተ ጨርሰው፣ እኔ ሥራ አለብኝ» የሚል ሰው ቢመጣ ላፕቶፑን ታቅፎ ይመለሳል። በርጩማውን አባቱ የሠራው ለዚሁ ነው፤ ከተረፈ እንጨት በጥድፊያ ስለሠራው አንድ እግሩ ያጥራል፣ ሥሩ የታጠፈ ካርቶን ካልገባለት ይወዛወዛል። ባለጉዳዩ እዚያ ላይ ይቀመጣል። ወንድሙ ፎልደሮቹን አንድ በአንድ ይከፍትለታል፤ መጨረሻ ላይ ጣቱን ቁልፉ ላይ አድርጎ እንደ ዳኛ ድምፁን ያወፍርና፣ «ዓይንህ ስክሪኑ ላይ፣ አፍህ ለእኔ። ይጥፋ?» ይላል። ሰውዬው በራሱ አንደበት «ይጥፋ» ካላለ አይነካውም።

አንድ ቀን ፀጉር አስተካካዩ መጥቶ «ሁሉንም ጥረገው፣ ቆሻሻ ነው የሞላው» አለ። በርጩማው ላይ ተቀምጦ ሲያይ የሠርጉ ቪዲዮ ብቅ አለ። ሌላ ቅጂ አልነበረውም። ሰውዬው በላብ ተጠመቀ። ወንድሙ እየሳቀ «ላፕቶፑ ቢጸዳ ኖሮ አንተ ዛሬ የምታድረው በረንዳ ላይ ነበር» አለው። ፀጉር አስተካካዩ ከዚያ ወዲህ ሽማግሌውንም ወንድሙንም በነጻ ነበር የሚቆርጣቸው።

የዚያን ቀን ሽማግሌው አልጋው ላይ ተጋድሞ ያይ ነበርና ጠይቆት ነበር። «ለምን ታስቀምጣቸዋለህ? እነሱ አጥፋ ካሉ አጥፋ ነው።»

«የእኔ እጅ አያውቀውማ» አለ ወንድሙ። «ለእኔ ሁሉም ፋይል አንድ ነው። የሚያውቀው የባለቤቱ ሆድ ብቻ ነው።»

ሽማግሌው አሁን ወደ በርጩማው ዞሮ አየ። የዚህ ላፕቶፕ ባለቤት አይመጣም። ታዲያ ማን ነው እዚያ መቀመጥ ያለበት? እናቱ አልተቀመጠችም። አባቱ አልተቀመጠም። ክኒን በሩ ላይ ቆማ ሄደች። ሁሉም ላፕቶፑን ታቅፈው «አንተ ጨርሰው» ያሉት ሰዎች ናቸው፤ እሱ ደግሞ አልመለሳቸውም።

ተነሣ። ጨርቆቹን ከበርጩማው ላይ አንሥቶ አልጋው ላይ ደረደራቸው። ካርቶኑ ከእግሩ ሥር ወጥቶ ነበር፤ ጎንበስ ብሎ መለሰለት።

«እማ!» ብሎ ተጣራ።

የስፌት መኪናው ቆመ። እናቱ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች መጣች፤ ሽማግሌው በዚህ ቤት ጮክ ብሎ ሰው ከጠራ ስለቆየ ፊቷ ላይ ጥያቄ ነበር። ክኒንም ከኋላዋ ፎጣ ይዛ ብቅ አለች።

«ምን ሆንክ? ጨረስክ? ችግር አለ እንዴ?»

«አለ» አለ ሽማግሌው።

ሁለቱም ቆሙ። ቃሉ ከእሱ አፍ ወጥቶ አያውቅማ።

«ክኒን የእሱን ፎቶና ቪዲዮ ሁሉ ሰማያዊው ፍላሽ ላይ ገልብጣ አስቀምጣ ነበር። እኔ ሳላውቅ ያንኑ ፍላሽ አስጠፋሁት። መጫኛ አስደረግሁት። አሁን ሌላ ቅጂ የለም። ያለው እዚህ ውስጥ ያለው ብቻ ነው። እሱንም ላጠፋው ነበር።» ትንፋሽ ወሰደ። «ገና አላጠፋሁትም።»

ክኒን ፎጣውን አፏ ላይ ያዘች። ዓይኗ ግድግዳው ጥግ ያለችውን ትንሽ ብልጭታ ፈልጎ አገኘ።

«ሳታየው?» አለች።

«ሳላየው።»

«ሰው እንዴት... ቶነር አልጠየቀህም? ሁሉንም ሰው ነው የሚጠይቀው!»

«ጠይቆኛል። ፎልደር አለበት ብሎኛል። ልክፈተው ብሎኛል።»

«ታዲያ ለምን?»

«አላውቅም» ሊል ነበር። አፉን ሲከፍት ግን ሌላ ወጣ። «እሱ ቢሆንስ ብዬ ነው። ቢከፈትና እሱ ቢሆንስ። እዚያ፣ ሰው ሁሉ ተሰልፎ ቆሞ።» ይህን እስኪናገረው ድረስ ራሱም አላወቀውም ነበር። «ይቅርታ፣ ክኒን።»

ክኒን ልትቆጣ ፈልጋ ጉልበት ያጣች ትመስል ነበር። ሄዳ አልጋው ጫፍ ላይ፣ ከጨርቆቹ አጠገብ ተቀመጠች። ከቀብሩ ሳምንት ወዲህ ወደዚህ ክፍል ስትገባ የመጀመሪያዋ ነው።

እናታቸው ፊቷን ወደ ግቢው አዙራ አባታቸውን ጠራችው። ቅንድቡ ላይ የእንጨት ብናኝ እንደያዘ መጣ። ነገሩን ክኒን አጠር አድርጋ ነገረችው። አባቱ ሲሰማ ቆይቶ ስክሪኑ ላይ ያለውን ቢጫ ምልክት አየ፣ ከዚያ ሚስቱን አየ።

«እኔ እኮ ለአንቺ ብዬ ነው ቶሎ ይለቅ ያልኩት» አላት።

«ለእኔ?» አለች እናቱ። «እኔ ለአንተ ብዬ! በዚህ ባለፍክ ቁጥር...»

«አንቺ አይደለሽ በሌሊት የምትወለውይው?»

«አቧራ ስለያዘ ነዋ! እንዲሄድ ብዬ መሰለህ?»

ተያዩ። ሌላ ቀን ቢሆን ያስቅ ነበር፤ የወንድሙ ቀልድ የሚመስል ነገር ነበረው። አባቱ ሊስቅ ፈልጎ አፍንጫውን ብቻ አሸ። እናቱ ከአንገቷ ሜትሩን አውርዳ ጣቷ ላይ መጠቅለል ጀመረች። ጠቅልላ ስትጨርስ ወደ ሽማግሌው ዞረች።

«አንተስ?» አለችው።

«እኔ ምን?»

«አንተ ምን ትላለህ? አንተንስ ማን ጠየቀህ? እኔ እንኳ አልጠየቅሁህም እኮ።»

ሁሉም ወደ እሱ አዩ። ያ የለመደው መልስ መጥቶ ምላሱ ጫፍ ላይ ቆመ። ሊለው ይችል ነበር፤ ቢለው ያምኑታል።

ወደ ስክሪኑ ዞረና «ይቅር» የሚለውን ተጫነ። ቢጫዋ ሳጥን ጠፋች። የማጥፊያውን ቁልፍ ላፕቶፑ ጭልም እስኪል ተጭኖ ያዘው። ከዚያ በግድግዳው በኩል እጁን ሰዶ ሰማያዊውን ፍላሽ ነቅሎ ኪሱ ከተተው።

«ላየው እፈልጋለሁ» አለ። «ሁሉንም ባይሆን። ግን ላየው እፈልጋለሁ።»

«ልጅቷስ?» አለ አባቱ። «መንገድ ላይ ናት ብላችሁ አልነበር?»

«ሃርድ ዲስኩ ይፈታል፣ አባ። ከሥር በብሎን ነው የተያዘው። የእሱን እኛ እናስቀረዋለን፤ ለእሷ ቶነር ዘንድ ሌላ እንፈልግላታለን። ጥቂት ቀን ትታገሰን። እኔ ነኝ የምነግራት።» ትንሽ አሰበና ጨመረ፣ «ስለ ድመቷም እነግራታለሁ።»

አባቱ «ብሎን» ሲባል የሚያውቀው ነገር በመገኘቱ ደስ ያለው ይመስል «መፍቻ ላምጣ» ብሎ ተንቀሳቀሰ።

«አሁን አይደለም! ተቀመጥ እስቲ» አለችው እናቱ። እጁን ይዛ አልጋው ላይ ከክኒን አጠገብ አስቀመጠችውና እሷም ጨርቆቹን ገፋ አድርጋ ተቀመጠች።

ሽማግሌው በርጩማውን ወደ እናቱ ገፋ አደረገላት። «አንቺ ነሽ እዚህ መቀመጥ ያለብሽ። ሕጉ እንደዚያ ነው።»

እናቱ በርጩማውን አየችው። አንገቷን ነቀነቀች። «እኛ እዚህ ይበቃናል። አንተ ተቀመጥበት።»

የይለፍ ቃሉን የምታውቀው ክኒን ብቻ ናት። ሽማግሌው ወንበሩን ለቀቀላት። እሷ ፎጣውን ትከሻዋ ላይ ጥላ፣ ፊቷን በእጅጌዋ ጠርጋ ተቀመጠች። እሱም ከጎኗ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። በርጩማው አንዴ ወዝወዝ አለና ረጋ።

ላፕቶፑ ማራገቢያውን እያጉረመረመ ተነሣ። የቆየው ገጽ መጣ። ሁለት ክብ ሥዕሎች አሉበት። ላይኛው ወንድሙ ነው፣ ጉንጮቹን ነፍቶ። ከሥሩ ያለው ለታናሹ የከፈተለት መግቢያ ነው፤ ፎቶ የለውም፣ ጽሑፉ ግን ይነበባል፦ ሽማግሌው።

የክኒን ጣቶች ቁልፎቹ ላይ ሄዱ። የመጨረሻውን ልትጫን ስትል አቆመችና ወደ እሱ ዞረች። ድምጿን አወፈረች፤ ብዙም አልተሳካላትም።

«ዓይንህ ስክሪኑ ላይ፣ አፍህ ለእኔ። ይከፈት?»

ከኋላቸው አልጋው ሲንቋቋ ሰማ፤ እናቱና አባቱ ወደ ፊት ጠጋ ብለው ነው። ከውጭ የግቢው በር ተንኳኳ። ማንም አልተነሣም።

«ቆይ» አለ ሽማግሌው። በርጩማውን አንድ ስንዝር ያህል ወደ ጠረጴዛው አስጠጋ። ጉልበቱን በሁለት እጁ ያዘ።

«ይከፈት» አለ።